የቮልሱ ግራና ቀኝ

ከአሁኑ እንንገራችሁ፤ ይህ ጽሑፍ ስለ ቮልስ የኋላ አክስል ነው። ፖለቲካ ፈልጋችሁ ከመጣችሁ እየቆነጠርን በየመሃሉ ጣል እናደርግላችኋለን። ዋናው ጉዳያችን ግን አራት የብረት ቀለበቶች፣ 24 ብዮች፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና ማይጨው የሚወስደው መንገድ ነው። ቪ8 የምትነዱ አንባቢዎቻችን (አንድ ሁለት አትጠፉም ብለን ነው) ዝለሉት፣ አንቀየማችሁም።

«እኛ» የምንለው ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት፣ መቀሌ ተወልደን መቀሌ ያደግን። የአባታችን ቮልስ ከሦስታችንም ይበልጣል። ሞዴሉ 1303 ይባላል፤ የፊት መስታወቱ እንደ ድሮዎቹ ዝርግ ሳይሆን ወጣ ብሎ የጎበጠው ነው። ፋብሪካው ይህን ሞዴል ማውጣት የጀመረው በ1972 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አቦይ (አባታችንን የምንጠራቸው እንዲህ ነው) የገዙት ደግሞ በ1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ከሚገባ ፈረንጅ ነው። የመምህር ደመወዝ ቮልስ እንደማይገዛ ለእናንተ አይነገርም። የጎደለውን የሞሉት አሞይ ናቸው፤ የአቦይ ታላቅ እህት፣ የማይጨው ሰው። አምባራቸውን ሸጠው ነው የሰጡት። አቦይም ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጦርነቱ እስኪመጣ ድረስ ዓመት አልዘለሉም፤ በየዓመቱ ቮልሱን እየነዱ ማይጨው ይወርዳሉ፣ አሞይን ከፊት ወንበር አስቀምጠው ከተማውን አንድ ዙር ያዞራሉ፣ ከዚያ ቡና ይጠጣል። አሞይ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ለሰው ሰላምታ ሲሰጡ ያያቸው፣ ባለሥልጣን መጣ ይል ነበር።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ።

ቮልስ ሞተሩም ካምቢዮውም ከኋላ ነው። ካምቢዮው ታስሮ የተቀመጠ ነው፣ ከቦታው አይነቃነቅም። ጎማው ግን በመቀሌ ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ ሲወጣ ሲወርድ ነው የሚውለው። በሁለቱ መሃል ኃይል የሚያስተላልፈው አክስል ድርቅ ያለ አንድ ብረት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይሰበር ነበር። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ መታጠፊያ ያስፈልገዋል፤ እየታጠፈ የሚሽከረከር። የጭነት መኪና ትራስሚሲዮን ላይ ያለውን ክሮቸራ የምታውቁ ሰዎች «ታዲያ ክሮቸራ አይበቃም?» ትሉ ይሆናል። አይበቃም። ክሮቸራ ታጥፎ ሲዞር ፍጥነቱ እኩል አይደለም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ፈጠን፣ ሁለት ጊዜ ዘግየት ይላል። ጥቂት ሲታጠፍ አይታወቅም፣ ብዙ ሲታጠፍ ግን መኪናውን ያርገፈግፈዋል። ይህን ችግር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ፎርድ ውስጥ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ አልፍሬድ ርዜፓ በብይ ፈታው። ውስጥ አንድ ቦይ ቦይ ያለው ብረት፣ ውጭ ሌላ ቦይ ቦይ ያለው ቀለበት፣ በመሃላቸው ስድስት ብይ። ብዮቹ ኃይሉን ይይዛሉ፤ አክስሉ ምንም ያህል ቢታጠፍ የገባው ፍጥነትና የወጣው ፍጥነት አንድ ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ «ሲቪ» የሚባለው ይኸው ነው። የእኛው ዓይነት ቮልስ የዚሁ ዘመድ የሆነ፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መንሸራተትም የሚችል ሲቪ አለው፤ በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት። ስድስት በአራት፣ 24 ብይ። እያንዳንዱ በስድስት ብሎን ይታሰራል፤ ስለዚህ ብሎኑም 24 ነው። (በልጅነታችን ሰፈር ውስጥ የብረት ብይ ያለው ልጅ ንጉሥ ነበር። ከየት እንደሚመጣ የገባን አሁን ነው።)

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዓለም ላይ ከተሠሩት ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች አብዛኞቹ ሲቪ የላቸውም። የእነሱ አክስል የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ነው፤ ክሪክ ስታስገቡባቸው ጎማቸው ወደ ውስጥ እጥፍ የሚለው ለዚህ ነው። «የቮልስ ዕቃ እኮ ሞልቷል» የሚላችሁ ሰው የሚያወራው ስለ እነሱ ነው። 1303 ይዞ ሲቪ መፈለግ ሌላ ጣጣ ነው።

ቪትዝ የምትነዱ ሰዎች የሲቪን ሕመም በአንድ ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ መሪ እስከ ጥግ አዙራችሁ ስትነሱ ከፊት ጎማ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ይላል። ቮልስ የሚገፋው ከኋላ ነው፣ የኋላ ጎማ ደግሞ በመሪ አይዞርም። ስለዚህ ምልክቱ ይለያል። ነዳጅ ስትሰጡ «ጧ!»፣ እግራችሁን ስታነሱ «ጧ!»። አንድ ሰው ከወንበሩ ሥር በመዶሻ የሚያንኳኳ ይመስላል። የእኛው ማንኳኳት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነበር፤ የጀመረበት ምክንያት ግን ከዚያ በፊት ነው።

ጦርነቱ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር አቦይ የመጀመሪያ ሥራቸው ቮልሱን ግቢ ማስገባት ነበር። ትንሽ ቆይተው አራቱንም ጎማ ፈቱ። መኪናውን ድንጋይ ላይ አስቀመጡትና ጎማዎቹን አልጋቸው ሥር ከተቱ። «ጎማ የሌለው መኪና ማን ይነዳዋል?» አሉ። ልክ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ከመቀሌ ብዙ መኪና ሄዶ አልተመለሰም፤ የእኛ ቮልስ ግን ከነአቧራው ቆየ። ከሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ነዳጅ በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጥ ሽቶ ሆነ። ጎማ ቢኖረውም የሚሄድበት አልነበረም። ሰው በእግሩ፣ በብስክሌት፣ በጋሪ ይሄድ ነበር።

አሞይ ያረፉት በዚያ መሃል፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው። መርዶው የደረሰን ከቀብሩ ብዙ ቀን በኋላ ከማይጨው በእግርም በመኪናም ቆራርጦ በመጣ ሰው አፍ ነበር። አቦይ የሚሄዱበት ብርም ነዳጅም አልነበራቸውም። እኛም የለንም። ለቅሶው ግቢ ውስጥ ተቀመጡ፤ ቮልሱ አጠገብ። ይህን ብዙ አናወራበትም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። ታኅሣሥ 19 አውሮፕላን መቀሌ አረፈ፤ ስልኩም በዚያው ሰሞን ተመለሰ። አቦይ ጎማዎቹን ከአልጋ ሥር አውጥተው ሲያስሩ፣ የአሞይ ሙት ዓመት ነሐሴ ላይ መሆኑን አስበው ነበር። «እህቴ ቤት በአውቶቡስ ገብቼ አላውቅም» አሉን። ንግግሩ አጭር ነው፣ ክርክር አይቀበልም።

ሞተሩ ባትሪ ሲቀየርለትና ካርቡራቶሩ ሲጸዳ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ተነሳ። የጀርመን ብረት እንዲህ ነው፤ ቂም አይዝም። ነገር ግን ገና ከሰፈር ሳንወጣ፣ «ጧ!»

መካኒኩ ወደ ኲሓ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚሠሩ አዛውንት ናቸው፤ አያ እንላቸዋለን። አቦይን «መምህር» ይሏቸዋል፣ ልጃቸውን ስላስተማሩላቸው። የአያ አፍ በራሱ ሙዚየም ነው። ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን... ጣሊያን መንገዱን ሲሠራ ጥሎት የሄደው ቃል ሁሉ ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ አንድ ነው። ትግርኛ ተናጋሪውና አማርኛ ተናጋሪው መካኒክ በሌላው ሁሉ ቢለያዩ በካምቢዮ አይጣሉም። ሲቪ ግን ጣሊያንኛ ስም የለውም፤ በጃፓን መኪና ዘመን በእንግሊዝኛ ስሙ የገባ እንግዳ ነው። አያም ሲጠሩት አፋቸውን ትንሽ ጠመም አድርገው ነው።

መኪናው ሥር ገብተው አክስሉን በእጃቸው ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ጠመዘዙት። ከግራ በኩል ከጎማው አጠገብ ያለው ሲቪ በግልጽ ይጫወታል። ከዚያ ባትሪ አብርተው ላስቲኮቹን አዩ። ሲቪ የሚኖረው በላስቲክ ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ ላስቲኩ ግራሶውን ይይዛል፣ ውሃና አቧራ ያግዳል።

«ይሄ መኪና ድንጋይ ላይ ነበር የተቀመጠው?» አሉ።

«አዎ አያ፣ ሁለት ዓመት።»

«ጎማው ተንጠልጥሎ?»

መኪና አካሉ ድንጋይ ላይ ሲያርፍና ጎማው ሲወልቅ የኋላው ክንድ ወደ ታች ይወርዳል። አክስሉ በማይታጠፍበት መጠን ታጥፎ ይቀራል፤ ላስቲኩም በአንድ በኩል ተወጥሮ፣ በሌላው ተጨማዶ ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ይከርማል። የግራው ተሰንጥቆ ነበር። በስንጥቁ ውሃ ገብቶ ግራሶውን አጥቦታል። ቮልሱን ያተረፈውም ሲቪውን የገደለውም ያው ድንጋይ ነው። አቦይ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንኳን እሱ ሆነ» አሉ። እኛም እንደዚያው እናስባለን፤ ሲቪ ይለወጣል።

ይለወጣል ስንል ከየት?

አዲስ አበባ ያለ የአክስታችን ልጅ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ገባልን። ሶማሌ ተራን የማያውቅ ካለ፣ ከመኪና የተፈታ ነገር ሁሉ የሚያርፍበት ሰፈር ነው። ሦስት ቀን ፈልጎ አንድ ነጋዴ «ያው ነው፣ ይገባል» ብሎ ምሎ የሸጠለትን ሁለት ሲቪ በሰው ላከ። ጥቅሉን ስንፈታው ያብረቀርቃል። አያ ግን ከቀለበቱ ላይ ካሊፐር እንኳን ሳያሳርፉ በዓይናቸው አይተው መለሱት። የኮምቢ ነው። የኮምቢ ሲቪ ከቮልስ ይሰፋል፤ ብሎኑም አይገጥምም። ደግነቱ የአክስታችን ልጅ ምላሱ ከነጋዴው ይረዝማል፤ ገንዘቡን ከፊሉን አስመልሶ ሌላ አንድ ትክክለኛውን አገኘ። አንድ ብቻ። አዲስ አይደለም፣ ግን ጤነኛ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ሰው ቮልሱን ሊገዛ መጣ። ሊነዳው አይደለም፤ ካፌ ሊከፍት ነውና በር ላይ ሊያቆመው ነው። ሞተሩን አውጥቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ውስጡ አበባ ሊተክል! «ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት የወሰደው እኮ ቮልስ ነው፣ ታሪካዊ ነው፣ ፎቶ ይነሡበታል» አለን። እውነቱን ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ሲወርዱ የጫኗቸው በቮልስ ነው። የሰጠውም ዋጋ በዚያ ሰሞን ለእኛ ቤት ቀላል አልነበረም። የአቦይ ያልተከፈለ ጡረታ ነበር፣ የእኛ ሥራ ማጣት ነበር። ማታ ሦስታችን ተሰብስበን ተነጋገርን፤ ሁለታችን ለመሸጥ፣ አንዷ ላለመሸጥ። ጠዋት ለአቦይ ስንነግራቸው ያሉት «በምን ልሄድ?» ብቻ ነበር። እኛ ስለ ገንዘብ አውርተን ነበር፤ እሳቸው ስለ ነሐሴ። የካፌው ሰውዬ ሌላ ፈለገ።

ስለዚህ በእጃችን ያለው አንድ ደህና ሲቪ ነው፣ የሚያስፈልገን ደግሞ ምናልባት አራት። አያ «አራቱንም አውርዱና እንያቸው» አሉ። ጉልበቱ የእኛ፣ ዓይኑ የእሳቸው።

ለሚሞክር ሰው አንድ ነገር እንንገር። የእነዚህ ብሎኖች ራስ ውስጡ ጥርስ ጥርስ ያለው ጉድጓድ ነው፤ ቁልፉ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። የሃምሳ ዓመት ጭቃና ግራሶ ደግሞ ጉድጓዱን ሞልቶ ጠርቅሞታል። ሳታጸዱ ቁልፍ አስገብታችሁ ከጠመዘዛችሁ ጥርሱ ይላጣል፣ ከዚያ በኋላ ያላችሁ አማራጭ መፍለጥ ነው። እኛ በምስማር እየፈለቀቅን፣ በነጭ ጋዝ እያጠብን፣ ቁልፉን በመዶሻ እየመታን እስከ ታች አስገብተን ነው የፈታነው። 24 ብሎን፣ አንድ ሙሉ ቀን። እህታችን ከሁላችንም በላይ ፈታች፣ እጇ ቀጭን ስለሆነ። (ሁለታችን ወንዶቹ ይህ ዓረፍተ ነገር እንዲወጣ ጠይቀን ነበር፤ ተሸንፈናል።)

ታጥበው ጨርቅ ላይ ሲደረደሩ አያ መነጽራቸውን አድርገው ቦዮቹን አንድ በአንድ አዩ። ተሰንጥቆ የነበረው የግራው ውጫዊ አለቀለት፤ ብዮቹ እንደ ፈንጣጣ ፊት ቦድቡደዋል። ሌሎቹ ሦስቱ ግን አንድ ነገር አሳዩን። እያንዳንዱ ቦይ ሁለት ጎን አለው። በአንደኛው ጎን ብዩ የሄደበት አንጸባራቂ መስመር አለ፣ በጥፍር ሲነካ ትንሽ ይታወቃል። ሌላኛው ጎን ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ለምን? መኪና ከኋላ ማርሽ ይልቅ ወደፊት ስለሚሄድ ነዋ! ብዩ ዕድሜውን ሙሉ የሚገፋው አንዱን ጎን ነው። ሃምሳ ዓመት ወደፊት የሄደ መኪና ግማሹ ብረት ሳይነካ ተቀምጧል።

«ስለዚህ» አሉ አያ፣ «የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ።»

የግራው አክስል ከነሲቪው፣ የጎማው ጫፍ ወደ ጎማ እንደሆነ ተገልብጦ በቀኝ ሲታሰር የሚዞርበት አቅጣጫ ለእሱ ተቃራኒ ይሆናል። ያኔ ብዩ ያልተነካውን ጎን መግፋት ይጀምራል። የዚህ ዓይነት ቮልስ ሁለቱ አክስሎች ቁመታቸው እኩል ስለሆነ ይቻላል። ይህ የአያ ፈጠራ አይደለም፤ በየአገሩ አሮጌ ቮልስ የሚነዱ ሰዎች የሚያውቁት ዘዴ ነው። አያ ግን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኙት፣ ዕቃ በማጣት ነው። በከበባው ጊዜ ስንቱን መኪና እንዲህ እንዳዟዟሩ ሲነግሩን ደንግጠን ሳቅን።

መገጣጠሙ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የውስጡም የውጩም ብረት ቦዮች በእኩል ርቀት የተቀመጡ አይደሉም፤ አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበብ ይላል። የውጩ ሰፊ ከውስጡ ጠባብ ጋር መገናኘት አለበት። ሰፊውን ከሰፊው ካገናኛችሁት ይገባል፣ ደስ ይላችኋል፣ ከዚያ አልታጠፍም ብሎ ድርቅ ይላል። አያ እያንዳንዱን ገጥመው በእጃቸው እያወዛወዙ ነው ያለፉት። ከዚያ ጥቁሩ፣ ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ ተጠቀጠቀ። ለተሰነጠቀው ላስቲክ ምትክ አልተገኘም፤ አያ የድሮውን የብረት ክፈፍ አስቀርተው ለጃፓን መኪና የተሠራ ላስቲክ ቆርጠው በሽቦ አሰሩበት። ያምራል አንልም። ይይዛል።

ብሎኑ የሚጠብቀው በ35 ኒውተን ሜትር ነው። አያ መለኪያ የላቸውም፤ ክንዳቸው ነው መለኪያው። «ማይጨው ስትደርሱ ግን እንደገና ነክታችሁ እዩት፤ ሲቪ መጀመሪያ ላይ ይለቃል» ብለው ቁልፉን አዋሱን። የድካማቸውን ዋጋ ስንጠይቅ «መምህር ይከፍሉኛል» አሉ፤ አቦይ ደግሞ «ድሮ ከፍያለሁ» አሉ። ሁለቱ በምን እንደተስማሙ እስካሁን አናውቅም።

ነሐሴ ላይ ሄድን። ኲሓ፣ አዲ ጉዶም፣ ሒዋነ፣ ዓዲ ሽሑ። ከዚያ የአላጄ ዳገት። አምባላጌ በ1888 ዓ.ም. ጣሊያን የተመታበት፣ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያኑ ገዥ የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠበት ተራራ ነው፤ ቮልስ ግን በሁለተኛ ማርሽ ይወጣዋል። ዝናብ ነበር። በየቦታው የተቃጠለ ብረት ከመንገድ ዳር ቆሟል፤ አቦይ አልፈውት ሲሄዱ ዝም ይላሉ፣ እኛም ዝም እንላለን። ዳገቱ መሃል ላይ እግራቸውን ከነዳጅ አንስተው መልሰው ረገጡ። አድምጠን ነበር። ምንም።

ማይጨው ስንገባ የአሞይ ጎረቤቶች ከቤት የወጡት መኪናውን አይተው አይደለም። ድምፁን ሰምተው ነው፤ የቮልስ ሞተር በውሃ ሳይሆን በአየር ስለሚቀዘቅዝ ድምፁ ከሩቅ ይለያል። ለቅሶው የተጀመረው ገና ከጥግ ሳንታጠፍ ነበር። አቦይ በሩ ላይ አቆሙ፣ ሞተሩን አጠፉ፣ የፊቱን የቀኝ በር ዞረው ከፈቱት። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ።

እኛ ሦስታችን ተራ በተራ መኪናው ሥር ገብተን 24ቱን ብሎን ነካናቸው። ሁለቱ ትንሽ ዞሩ።

ከዚያ ወዲህ ቮልሱ ዓመት አልዘለለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለክል ጓደኞቻችን «ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሩት» ብለው ቀልደዋል፤ አያም ሰምተው ነበር፣ «ያም ቢሆን ሲቪ ይፈልጋል» አሏቸው። አሁን በላዩ ላይ ያሉት ሦስቱ ሲቪዎች የሚሠሩት በሁለተኛው ጎናቸው ነው። ሦስተኛ ጎን የላቸውም። ስለዚህ ጎንደርም ሆነ ደሴ፣ አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ፣ ጓሮው ውስጥ ዶሮ የሚያድርበት 1303 ያለው ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ንገሩን። የኮምቢ አይደለም። በድጋሚ፣ የኮምቢ አይደለም!